ያልተቀባ ወታደር የለም

ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ተጀመረ፤ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም ነው። የሚሸጠው ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው የፕላስቲክ ወታደሮችን ነው፦ የሰው፣ የጭራቅ፣ የአጋንንት፣ የአጽምና የጠፈር ተዋጊ ጦር። በ2024 መጨረሻ ላይ ይህ አሻንጉሊት ሻጭ በለንደን የአክሲዮን ገበያ 100ዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ ገብቶ ከባንኮቹና ከነዳጅ ድርጅቶቹ ጎን ተቀመጠ።

የሚገርመው ዕቃው ሳያልቅ መሸጡ ነው። ገዢው ሳጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ግራጫ ፕላስቲክ ላይ የተጣበቀ እጅ፣ እግር፣ ጭንቅላትና ጎራዴ ነው። ቆርጦ ያወጣል፣ ይሞርዳል፣ በሙጫ ያያይዛል። ከዚያ መነሻ ቀለም ይቀባል፤ በላዩ የልብሱን፣ የቆዳውን፣ የብረቱን ቀለም ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ውሃ የበዛበት ጥቁር ቀለም አፍስሶ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ጥላ እንዲገባ ያደርጋል፤ መጨረሻ ላይ በቀጭን ብሩሽ የጉንጩንና የጎራዴውን ጫፍ ያበራል። አንዱ ወታደር ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ዓይን መቀባት ደግሞ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው፤ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወታደሩ ሸውራራ ሆኖ ይቀራል።

ከቀለሙ ቀጥሎ የሚመጣው የጦሩ የኋላ ታሪክ ነው። በ1987 የወጣው ዋርሀመር 40,000 የተባለው ጨዋታ እያንዳንዳቸው 1,000 ገደማ ተዋጊ ያላቸው 1,000 ያህል የጠፈር ክፍለ ጦሮች እንዳሉ ይናገራል። ኩባንያው ስምና ታሪክ የሰጣቸው ግን ጥቂቶቹን ነው። የቀሩት ክፍት ናቸው፤ ተጫዋቹ ራሱ ስም ያወጣላቸዋል፣ ዓርማ ይሰጣቸዋል፣ የት እንደተሸነፉና ማንን ሊበቀሉ እንደሚኖሩ ይጽፍላቸዋል። በጨዋታው ታሪክ መጀመሪያ ላይ ሃያ ታላላቅ ጦሮች ነበሩ፤ የሁለቱ ስም ከመዝገብ ተፍቋል፣ ለምን እንደተፋቀም አይነገርም። አዘጋጆቹ ሆን ብለው የተዉት ባዶ ቦታ ነው። የራሱን መንግሥት መዝገብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን እንደ ልብ ወለድ ላያየው ይችላል።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ለደንዲ፣ ለጊንጪ፣ ለአምቦ ምኑ ነው? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከፕላስቲኩ ይልቅ በሥራው ውስጥ ነው። ጦርን መቀባትና ለጦር ታሪክ መፍጠር እዚህ አገር ከኖቲንግሃም በፊት የነበረ፣ አሁንም በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚቀባው ፕላስቲክ፣ እዚህ የሚቀባው ሰው መሆኑ ነው።

ከፈረስ ስም እንጀምር። ምኒልክ አባ ዳኛው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም ለፈረሱ ብቻ የሚወጣ ስም አልነበረም፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማን ሊሆን እንደሚፈልግ፣ ጠላት ሲሰማው ምን ሊሰማው እንደሚገባ የሚናገር የአንድ ቃል ታሪክ ነው። ከባለቤቱም በላይ ይኖራል። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ቃኘው ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ሻለቃ ይህን ስም ይዞ ሄደ። ፈረሱን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ወጣቶች በማያውቁት አገር ተራራ ላይ በፈረሱ ስም ተዋጉ። ሽለላውና ፉከራው፣ የኦሮሞው ጌራርሳም ያው ናቸው፤ ተዋጊው ራሱን በሕዝብ ፊት እየቀባ፣ የአባቱን ገድል በራሱ ላይ እየደረበ ይቆማል። ጎፈሩ፣ ለምዱ፣ በብር ያጌጠው ጋሻ ደግሞ ከቃሉ ጋር የሚሄድ ቀለም ነው።

ከደንዲ ወደ ደቡብ የጨቦ አገር አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ የዚያ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በምኒልክ ጦር ተማርኮ ሸዋ መጣ፤ የማረከውን ጦር አገለገለ፤ ጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾም የጦር ሚኒስትር ሆነ፣ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያው ቆየ። አንዱ ወገን ይህን ሕይወት «ኢትዮጵያ ሁሉን አቅፋ ለሹመት ታበቃለች» ብሎ ይቀባዋል። ሌላው ወገን «ወገኑን የወጋውን ጦር ያገለገለ» ብሎ ይቀባዋል። ሰውዬው አንድ ነው፣ ቀለሙ ሁለት። ከሁለቱ ቀለም በታች ያለውን ግራጫ ማለትም አንድ የተማረከ ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት እንዳደረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የዛሬው የመከላከያ ሠራዊትም ቀኑን ከዚሁ ሹመት ይቆጥራል። ቀድሞ በየካቲት ይከበር የነበረው የሠራዊቱ ቀን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ጥቅምት ተዛውሮ፣ ልደቱም የምኒልክ የጦር ሚኒስቴር የተቋቋመበት 1900 ዓ.ም. ሆነ። ጠመንጃው፣ ወታደሩ፣ ካምፑ ያው ነው። የተለወጠው የኋላ ታሪኩ ነው፤ አንድ ጦር በአንድ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አገኘ። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ ጦሮች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። በጫካ ያለውም ያደርገዋል። ፋኖ ስሙንም ጎፈሬውንም የወሰደው ከጣልያን ዘመን አርበኞች ነው። ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው፣ መንግሥት «ሸኔ» የሚለው ታጣቂም የራሱ ረጅም ጸጉር፣ የራሱ ጌራርሳ፣ የራሱ የሰማዕታት ዝርዝር አለው። ሁሉም ተቀብተው ነው የሚወጡት።

የአድዋ ሥዕል ግን ከሁሉ በላይ ያስተምራል። በየቱሪስት ሱቁም በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም የሚታየው ዓይነቱን ሥዕል ያላየ የለም። በአብዛኛው ኢትዮጵያውያኑ በስተግራ፣ ጣልያኖቹ በስተቀኝ ይሰለፋሉ። ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ጊዮርጊስ ከላይ። የድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ ደግሞ አለ፦ ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይን ያያል፤ ኃጥኡ፣ ጠላቱ፣ ሰይጣኑ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የአድዋ ሠዓሊዎች ይህን ሕግ ወደ ጦር ሜዳ አወረዱት። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሸራው ላይ የባለ ሁለት ዓይንና የባለ አንድ ዓይን ጦርነት ሆነ።

ሥዕሉ ውብ ነው፣ ድሉም እውነተኛ ድል ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ከጣልያን ጎን የተሰለፉ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ከተማረኩት በመቶዎች የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ይህ በተለመደው የአድዋ ሥዕል ላይ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ቋንቋህን የሚናገር፣ እንዳንተ የሚጾም ሰው በወዲያ ወገን ሲቆም ስንት ዓይን ይቀባለታል? ሕጉ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ዛሬም የለውም፤ በምዕራብ ሸዋ ባለፉት ዓመታት የተዋጉት ደግሞ ጣልያኖች አይደሉም።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች ስለ አንድ የኳስ ሜዳና ስለ ጭልሞ ደን ጠይቀው ወጡ። ከዚያ የተነሣው እሳት አገር አዳረሰ፣ መንግሥትም ለወጠ። ያን ጊዜ 8ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሷል። በዚህ መሃል የደንዲ ልጅ ያየው የደንብ ልብስ ዓይነት ኖቲንግሃም ያለ ሱቅ ከደረደረው አያንስም፦ ፖሊስ፣ ልዩ ኃይል፣ መከላከያ፣ ሚሊሻ፣ የጫካው ታጣቂ። እያንዳንዱም የኋላ ታሪኩን ይዞለት መጥቷል። በዘፈን፣ በፌስቡክ፣ በስብሰባ፣ በቀብር ላይ ንግግር። ልጁ ታሪኩ ሲሠራ ስላላየ የተፈጥሮ ይመስለዋል። ተራራው እዚያ እንዳለ ሁሉ ጠላትም አንድ ዓይን ይዞ የተፈጠረ ይመስለዋል።

እንግዲህ ሐሳቡ ይህ ነው። በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር ያሉ ትምህርት ቤቶች የሥነ ጥበብ ክበብ ካላቸው ልጆቹ ጦር ይሥሩ። ውድ ሳጥን ከእንግሊዝ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የጭቃ በሬ ሠርቶ ያላደገ የገጠር ልጅ የለም፤ በሬ የሠራ እጅ ወታደር አያቅተውም። እያንዳንዱ ተማሪ አሥር ወታደር ያብጅ። ቀለም ይቀባቸው። ስም፣ ዓርማ፣ የፈረስ ስም ያውጣላቸው፤ ሽለላቸውን ወይም ጌራርሳቸውን ይግጠምላቸው። ግዴታው አንድ ነው፦ ወዲያኛውንም ጦር ራሱ ይሥራው። አሥሩንም፣ በሁለት ሁለት ዓይን። ለእያንዳንዱም ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ወዶ ይሁን ተገዶ እንደዘመተ ይጻፍለት።

«ጦርነት የጠገበ ልጅ ላይ ደግሞ ጦርነት?» የሚል ወላጅ አይሳሳትም። ሆኖም ልጆቹ ካልተነገራቸውም ይጫወቱታል፤ የአገዳ ጠመንጃ ከአዋጅ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። የሚጫወቱትም ዝግጁ በሆነ ታሪክ፣ እጣ ወጥቶ ጠላት የሆነው ልጅ እያለቀሰ ነው። ሰንጠረዣችን እንኳን «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ጦርነትን ከጨዋታ ማውጣት የቻለ ሕዝብ የለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሐሳቡን የሚደግፉም ሊሸሹት አይገባም። ጨዋታ በራሱ ሰላም አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1824 ፕሩሲያዊው መኮንን ራይስቪትስ ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ፤ ዓላማውም በደንብ መዋጋት ነበር። ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ ሲያወጣ ጦርነት ናፋቂዎች በእውነተኛው ፈንታ በዚህ ቢወጣላቸው ብሎ ተመኝቷል። በዓመቱ የዓለም ጦርነት ተነሣ፣ ዌልስም ራሱ ጦርነቱን ደግፎ ጻፈ። ጌምስ ወርክሾፕም አላመለጠም። ጨካኝ ግዛቱን ለማፌዝ የፈጠረው ቢሆንም ቀልዱ ያልገባቸው፣ ወይም ገብቷቸው የወደዱት ተከታዮች አፈራ፤ በ2021 ስፔን ውስጥ አንድ ተጫዋች የናዚ ምልክት ለብሶ ውድድር ላይ ቀረበ፣ ኩባንያውም የጥላቻ ቡድኖችን በጨዋታው ዙሪያ እንደማይፈልግ መግለጫ ለማውጣት ተገደደ። የራሱን ጦር በእጁ የቀባ ሰው እንኳ ቀለሙን ሊያመልከው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚጠበቀው ጥቅም ጠባብ ነው። የጭቃ ወታደር ማንንም ከጫካ አይመልስም፣ ማንንም ከምልመላ አያስቀርም፣ የኳስ ሜዳውንም ጥያቄ አይመልስም። የሚሰጠው አንድ ችሎታ ነው፤ ነገ አንድ ሰው በማይክሮፎን ቆሞ ስለ አንድ ጦር የመቶ ዓመት ታሪክ ሲያወራ፣ የሚሰማው ወጣት «ይህን ዓይነት ነገር እኔም 7ኛ ክፍል እያለሁ ሠርቻለሁ፤ ማታ በመብራት፣ ሁለት ገጽ» ማለት ይችላል። የሰማው ታሪክ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሠሪ አለው ማለት ነው፤ ሠሪ ያለውን ነገር ደግሞ ለምን እንዲህ ሠራኸው ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ለመጀመር አንድ የጭቃ ወታደር ይበቃል፤ የወዲያኛው ወገን የሆነ። ስሙ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የእናቱ ስም፣ ዘምቶ ሲሄድ ማሳው ታርሶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይጻፍ። ከዚያ ቀጭኑ ብሩሽ ይነሣና ሁለተኛው ዓይን ይቀባ፤ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ክርንን ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ ይጠቅማል።