የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ገጽና ድምፅ



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው ጎዳና ወደ ደብረ ታቦር ከሚገነጠልበት ከወረታ፣ ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው የሩዙን ማሳ ውኃ ከሚያለብሱበት ከፎገራ ሜዳ መካከል የምናዘጋጀው ይህ እትም፣ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ገጻቸውን ለምስል፣ ድምፃቸውን ለትረካ ለሰጡ ወጣት ተዋንያን የተመደበ ነው።

የድምፅ ትወናን ልዕልና የሚጠራጠር ቢኖር፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከ ጊዜ፣ ፊደል ላልቆጠረው ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ሥጋና ነፍስ እንዳለበሳቸው ማስታወስ ይበቃዋል፤ በመድረክ ሳያየው በድምፁ ብቻ ያወቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበርና። ብሩክታዊት ጥጋቡም በወጣት መምህርነቷ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ለቀጭኔዪቱ ለፀሐይ ድምፅዋን ሰጥታ ሕፃናትን አስተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆናለች።

ለአገራችንስ ይህ ጥበብ ከቶ እንግዳ አይደለም። ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ በሚመሰከርበት በዚህ በደቡብ ጎንደር፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪው ድምፁን ከግዕዝ ወደ ዕዝል፣ ከዕዝልም ወደ አራራይ እያመላለሰ፣ ትንፋሹንም እየገራ፣ በመምህሩ እግር ሥር ዓመታትን ያሳልፋል። የዛሬው ወጣት ተዋናይ ግን መልኩ በፊልም አንድ ጊዜ ከታየለት በኋላ፣ ድምፁን እንዲህ የሚያርቅለት መምህር ብዙውን ጊዜ አያገኝም፤ ይህም በእውነት ያሳዝነናል። ማይክሮፎኑና ካሜራው በአዲስ አበባ በተከማቸበት ዘመን የወረታው ልጅ ችግር እጥፍ ነው።

ስለዚህ በቀዳሚው ጽሑፍ የትንፋሽና የንባብ ልምምድ በሰፊው ተተንትኗል፤ ስለ ውልና ስለ ክፍያ የሚያወሳው አጭር ጽሑፍ ይከተለዋል። ወጣቶች ሆይ፣ ቀዳሚውን ጽሑፍ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።