ልጁ «ሰነፍ» አይደለም



በጥር ወር አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ፣ እዚሁ ደስማ ከባለቤቷ ጋር የምትኖር እህታችን የዘጠኝ ወር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሲያቅፉት እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል፤ ካልደገፉት አይቀመጥም። አንዷ «ሰነፍ ነው» አለች፤ ሌላዋ «ዓይን ነው» አለች። ጸበል ጠጣ፣ ጥሩ። እኔ ግን «ነገ ሐኪም ያየው» አልኳት። ጸበልንና ሐኪምን የምናጣላ ሰዎች ልጆቻችንን እየጎዳን ነው።

የተገኘው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነበር። ይህን ቫይታሚን ሰውነታችን የሚሠራው ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ሲጎድል አጥንት ይለሰልሳል፣ ጡንቻ ይዝላል፤ ልጅ ለመቀመጥና ለመሄድ ይዘገያል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ ሲቆም እግሩ ይጎብጣል። ሪኬትስ የሚሉት ይህንን ነው።

«በፀሐይ አገር?» ትሉ ይሆናል። በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ሠርተው በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። ደረቱ የለሰለሰ ልጅ በደንብ መተንፈስና አክታ ማውጣት ያቅተዋል። እኛ ደግሞ ምች እንዳይመታው ብለን ልጅ እንሸፍናለን!

እዚህ ኩዌት በበጋው ሙቀት ሕፃን ማውጣት አይቻልም፤ በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይም ለዚህ አይጠቅምም። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቤት ውስጥ የምትሠራ እናት ራሷ ቫይታሚኑ የላትም፤ የጡት ወተት ደግሞ ድሮም ይህ ቫይታሚን ያንሰዋል። ስለዚህ ጡት ለሚጠባ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት በጠብታ ይታዘዛል። ከታዘዘው በላይ መስጠት ግን ይጎዳል። የማዳም ልጅ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የምታቅፊው አንቺ ነሽና መልፈስፈሱን ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ንገሪያት እንጂ በራስሽ ምንም አትስጪ። መልፈስፈስ ከሌላ በሽታም ሊመጣ ይችላል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለረጅም ጊዜ የማታገኝ እናት ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ያልቅባታል፤ የምታጠባው ልጅም ይዝላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠቡ፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሳትመካከሩ አትጹሙ።

የዚያ ልጅ እናትም በኋላ ደሟን ተመረመረች። ለካ የእሷም ቫይታሚን ዲ አልቆ ኖሯል። የወገቧን ሕመም ሁልጊዜ በካውያው ታሳብብ ነበር።