የቧንቧ ሠራተኛ ፈቃድ ይኑረው፤ በሩ ግን አይዘጋበት



መኪና ለመንዳት ፈቃድ ያስፈልጋል። መድኃኒት ለመሸጥም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሻይ ቤት የሚከፍት ሰው እንኳ የንግድ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። የአንድ ሰፈር ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ የሚያልፍበትን ቧንቧ ቆርጦ ለሚቀጥል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መፍቻና መጋዝ ይዞ መገኘቱ ይበቃዋል። «ሙያውን ከማን ተማርህ? ማንስ መዘነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የቤቱ ባለቤት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ስንት ታስከፍለኛለህ?» የሚል ነው።

ይህ ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይመጥን ትንሽ ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። በየክፍሉ የምንከራከረው ስለ ልማት፣ ስለ ኢንዱስትሪና ስለ ታላላቅ ግድቦች ነው። ነገር ግን ሥልጣኔ ከሰው ቤት የሚገባው በምን በኩል ነው? በ1880ዎቹ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ባስገባ ጊዜ፣ ውሃ በብረት ውስጥ ተጉዞ ሲመጣ ማየት ለከተማው ሰው ታላቅ ትንግርት ነበር። ዛሬ ትንግርትነቱ ቀርቷል። ከጉና ተራራ ርብንና ጉማራን ለጣና በምትልከው በዚህች ደጋ አገር፣ በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን፣ ፎቅ በፎቅ ላይ እየተሠራ ነው። በእያንዳንዱም ግድግዳ ውስጥ ዓይን የማያየው ቧንቧ ይቀበራል። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ስሕተቱን የሚያየው ማን ነው?

እንግዲህ ስሕተቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቅድሚያ እንመልከት። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ቧንቧው ሁልጊዜ የሞላ አይደለም። ግፊቱ ሲቋረጥና ውሃው ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ሲወርድ፣ ከኋላው ያለው ቧንቧ እንደሚጠባ አፍ ይሆናል። በዚያን ሰዓት ጎማው ከልብስ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ ተነክሮ የቀረ እንደሆነ የበርሜሉን ቆሻሻ ውሃ ይስባል። መጋጠሚያው ላልቶ ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ የጉድጓዱን ፍሳሽ ይስባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ያንን ይዞ የሚሄደው ስሕተቱ ወደተሠራበት ቤት ብቻ አይደለም። ወደ ጎረቤትም፣ ወደ ሕፃናት ትምህርት ቤትም ይሄዳል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የውሃው አፍ ከዕቃው ከንፈር በላይ ከፍ ብሎ እንዲቀር ማድረግ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ክዳን መግጠም፣ የመጠጡን መስመር ከፍሳሹ መስመር ማራቅ ነው። ቀላል የሚሆነው ግን ለሚያውቀው ሰው ነው።

ስለ ፍሳሹም እንዲሁ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር የሚታጠፈው ቧንቧ፣ ሠራተኞቻችን ሲፎን የሚሉት፣ የታጠፈው ለጌጥ አይደለም። በመታጠፊያው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውሃ የጉድጓዱ መጥፎ አየር ወደ ቤት እንዳይገባ የሚከለክል በር ነው። ይህ ውሃ ሲደርቅ በሩ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በሚባለው የመኖሪያ ሕንፃ ሳርስ የተባለው በሽታ ከ300 በላይ ነዋሪዎችን ይዞ 42 ሰዎችን ገደለ። መርማሪዎቹ በሽታው ከቤት ወደ ቤት እንዲዛመት ረድተዋል ካሏቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል ላይ ያሉት የፍሳሽ መታጠፊያዎች መድረቃቸው ነበር። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ባደረገችበት ዓመት፣ በሁለት ሆቴሎች የመጠጥ ውሃውና የፍሳሹ መስመር በመገናኘቱ የአሜባ ተቅማጥ ተነሥቶ 98 ሰዎች ሞተዋል። በሀብታም አገር እንዲህ የሆነ እንደሆነ፣ ሐኪም ቤት በሚርቅበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በአገራችን ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮዶች ዘጠነኛው የሚናገረው ስለ ሕንፃ የቧንቧ ሥራ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ በከፍተኛዎቹ ምድቦች ንድፉን የሚያወጣው የተመዘገበ ባለሙያ እንዲሆን ደነገገ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠናውም በ1996 እና በ2008 ዓ.ም. በዐዋጅ ተደንግጓል። በሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ ሰው የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ሙያውን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ቢማረው ለምዘናው መቅረብ እንዲችል መታሰቡ የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ መካከል አንድ ክፍተት አለ። ኮዱ ስለ ቧንቧው ይናገራል፤ የሕንፃ ዐዋጁ የንድፍ አውጪውን ስም ይጠይቃል፤ ምዘናው ለሚፈልገው ሰው ወረቀት ይሰጣል። ተራው መኖሪያ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ ቧንቧውን የሚገጥመው ሰው ግን ከሦስቱም ውጭ ሆኖ ሲሠራ እናየዋለን። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ኮዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። የውሃ መስመር ከፍሳሽ መስመር ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚናገረው መጽሐፍ፣ መስመሩን የሚዘረጋው ሰው በማያነበው ቋንቋ ተዘግቶበታል። ሰውን ባልነገሩት ደንብ መጠየቅ ፍርድ ነውን?

«እንግዲያው መንግሥት ፈቃድ ያውጣና ፈቃድ የሌለው አይሥራ» ቢባል ነገሩ የሚያበቃ ይመስላል። ለዚህ ግን ብርቱ ተቃውሞ አለበት፤ ተቃውሞውንም በቅንነት ማድመጥ ይገባናል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው «ካፒታሊዝምና ነጻነት» በተባለው መጽሐፉ ሦስት ነገሮችን ለይቶ አሳይቷል። መጀመሪያው ባለሙያውን በመዝገብ ማስፈር ብቻ ነው። ሁለተኛው ችሎታው ለተመዘነ ምስክር ሰጥቶ፣ ምስክር የሌለውንም እንዲሠራ መተው ነው። ሦስተኛው ፈቃድ የሌለው ፈጽሞ እንዳይሠራ መከልከል ነው። ሦስተኛውን አጥብቆ ተቃውሟል። ምክንያቱም ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ውሎ አድሮ በሙያው ውስጥ ባሉት ሰዎች እጅ ይወድቃል፤ እነርሱም ተወዳዳሪ እንዳይበዛባቸው በሩን ያጠብባሉ። የእኛም ሰው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል።

ይህ ክርክር ከመጽሐፍ ወጥቶ ሲፈተን የታየበት አገር አለ። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቧንቧ ሠራተኞች የፈቃድ ሕግ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ምክር ቤቱ ሳይስማማ በመበተኑ የፈታኙ ቦርድ ዕድሜ ሳይታደስ ቀረ። የቧንቧ ሠራተኞች ሰልፍ ወጡ፤ አገረ ገዢው ግሬግ አቦት በ2017 የደረሰው የሃርቪ ማዕበል ጥፋት ገና ተጠግኖ አላለቀም በማለት በራሳቸው ትእዛዝ ቦርዱን እስከ 2021 አቆዩት፤ በ2021ም ምክር ቤቱ አደሰው። ገበያ ሁሉን ያስተካክላል የሚል ሰው በሚበዛበት በዚያ ግዛት እንኳ፣ ነገሩ ከቧንቧ ሲደርስ ፈቃዱን መተው አልተቻለም። ከዚህ የምንማረው የፍሪድማን ሥጋት ሐሰት ነው ማለትን አይደለም። የምንማረው ሥጋቱን የሚያህል ሌላ ሥጋት በማዶ መኖሩን ነው። ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ መጥፎ ወንበር ቢያሠራ የሚወድቀው ራሱ ነው፤ መጥፎ ቧንቧ ቢያሠራ ግን የሚታመመው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ዋጋ አልተደራደረም፤ ሠራተኛውንም አልመረጠም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የበሩ መዘጋት የሚያሠጋን በሌላ ምክንያት ጭምር ነው። በእነዚህ ከተሞች ቧንቧ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ሙያውን ያገኙት ከክፍል ሳይሆን ከአንድ አዋቂ ኋላ ዕቃ ተሸክመው እየሄዱ ነው። ከእነርሱ መካከል ዲፕሎማ ከያዘው ይበልጥ የሚያውቅ አለ። ፈቃዱ ወረቀት ላለው ብቻ ከተሰጠ ይህ ሰው በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ይሆናል። ፈቃዱ በእጅ መንሻ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ የማያውቀው በፊርማና በማኅተም አዋቂ ይባላል። ይህ ፈቃድ ከሌለበት ዘመን የከፋ ነው፤ ሕዝቡ ማኅተሙን አምኖ መጠንቀቁን ይተዋልና።

ስለ እጅ ሙያ ለመናገር ከደብረ ታቦር የተሻለ ቦታ የለም። ከከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት በ1850ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አሠሯቸው። መድፍ ማቅለጥ የሚያውቁ አልነበሩም። እቶኑ ከሽፎባቸው ደጋግመው ሞከሩ፤ ከእነርሱም ጋር የአገሬው ሰው ደክሞ ተማረ። በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠርቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ። በግድ ማሠራቱን አንመኝም። ነገር ግን የጋፋት ፈተና ወረቀት አልነበረም፤ ከእቶኑ የሚወጣው ብረት ነበር። በዚያው አገር ቀጥቃጩና ሸማኔው በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ልጁ መሐንዲስ ሲሆን የሚኮራ ቤተሰብ፣ ልጁ ቧንቧ ሠሪ ሲሆን «ሥራ እስኪያገኝ ነው» ይላል። በሕግ የተመዘነና በስሙ የሚጠየቅ ባለሙያ ግን እንዲህ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የእኛ አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ፈቃድ ግዴታ የሚሆነው ጥፋቱ ወደ ሌላ ሰው በሚሻገርበት ሥራ ላይ ብቻ ይሁን፤ ይኸውም ከዋናው የውሃ መስመር ጋር ማገናኘት፣ የፍሳሽ መስመርና ሴፕቲክ ታንክ መሥራት፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ መስመር መዘርጋት ነው። የሚያንጠባጥብ መዝጊያ መቀየርና የተሰበረ መታጠቢያ መተካት ለሁሉ ክፍት ይሁን።

ሁለተኛ፤ ፈተናው በእጅ ይሁን፤ ቃሉም በአማርኛ ይሁን። ተፈታኙ መስመር ገጥሞ፣ በግፊት ሞልቶ፣ እንዳያፈስ ያሳይ። ከንፋስ መውጫ ወይም ከእብናት የሚመጣው ልጅ ለአንድ ቀን ፈተና የወር ገቢውን እንዳያወጣ ፈታኞቹ ወደየወረዳው ይዙሩ።

ሦስተኛ፤ ፈታኙ ቦርድ በሙያው ሰዎች ብቻ አይያዝ። የጤና ባለሙያ፣ የውሃ አገልግሎት ሰውና ከነዋሪው የተመረጠ ሰው ይግቡበት።

አራተኛ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት በቂ ጊዜ ይሰጣቸው። በመጀመሪያ ስማቸው ይመዝገብ፣ ቀጥሎ ይመዘኑ፤ ክልከላው የመጨረሻው ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሠራተኛው ጥቅም ምንድን ነው የሚል ይኖራል። ዛሬ የቤቱ ባለቤት ቀጭኑንና ርካሹን ቧንቧ ገዝቶ መጥቶ «ዝም ብለህ ግጠመው» ሲል ሠራተኛው እምቢ ቢል ሌላው ተተክቶ ይሠራዋል። ሁሉም በፈቃዱ የሚጠየቅ ከሆነ ግን «ይህን ብገጥም እንጀራዬን አጣለሁ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ለደኃ ሠራተኛ እምቢ የማለት መብት ትንሽ ነገር አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፤ የተከበራችሁ መምህራን፤ ይህን ሁሉ ጽፈን «መንግሥት ያድርገው» ብለን ብንቀመጥ የወረቀት ጀግኖች እንባላለን። የምሕንድስና ተማሪዎቻችን ኮዱን ያነባሉ። የጤና ተማሪዎቻችን ውሃ ወለድ በሽታ እንዴት እንደሚመጣ ይማራሉ። የቋንቋ ተማሪዎቻችን አማርኛ አሳምረው ይጽፋሉ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ክረምት ተሰብስበው የቧንቧ ሥራ ዋና ዋና ደንቦችን በሥዕል በተደገፈ ቀላል አማርኛ በሃያ ገጽ ቢያወጡ፣ ኅብረታችንም ይህን ጽሑፍ በሚያባዛበት መኪና አባዝቶ ለከተማው ሠራተኞች ቢያድል፣ በእሑድ ከሰዓት በኋላም አንድ ክፍል ከፍተን እኛ ኮዱን እያነበብን እነርሱ እጃቸውን እያሳዩን ብንማማር ምን ይከለክለናል? እነርሱ ከእኛ ደንቡን ያገኛሉ፤ እኛም ንድፋችን ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከእነርሱ እንማራለን። ከሁለቱ ማንኛው የበለጠ እንደሚያተርፍ ለመናገር ያስቸግራል።

ፈቃዱ ነገም ይውጣ ከነገ ወዲያ፣ ለምዘናው ዝግጁ የሆነ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በሽታው ከቧንቧው ሳይወጣ ዕውቀቱን ወደ ሠራተኛው እናድርስ።