እስትንፋስ በምን ቀለም?

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌ የወረደ እንግዳ የቡናውን ጫካ አቋርጦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለም ላይ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ለብሷል፤ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ሥዕል። በላዔ ሰብእም እዚያ አለ፤ 78 ነፍስ በልቶ በአንዲት ጥርኝ ውኃ የተማረው። አስጎብኚው እየጠቆመ ይተርካል፣ እንግዳው ፎቶ ያነሣል፣ ጀልባው ይጠብቃል።

ግማሹን ብቻ አይቶ ተመለሰ።

እነዚያ ሥዕሎች እኮ ብቻቸውን አልኖሩም። በዚያው ጣሪያ ሥር ተአምረ ማርያም ይነበባል፣ ማሕሌት ይቆማል፣ መልክእ ይደገማል። የዚህን የመጨረሻውን ስም ልብ ይሏል! የግእዝ ሊቃውንት አንድን የግጥም ዓይነት «መልክ» ብለው ጠርተውታል። ደራሲው እንደ ሰዓሊ ከራስ ፀጉር ይጀምርና ግንባር፣ ዐይን፣ ከንፈር፣ ጣት እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ብዙውን ጊዜ አምስት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አምስቱም አንድ ቤት ይመታሉ። እስከዚህ ከሰዓሊው ጋር እኩል ነው። መሐል ላይ ግን ለእስትንፋስ፣ ለቃል፣ ለሕሊና ሰላምታ ያቀርባል። እስትንፋስ በምን ቀለም ይሣላል?

ሰዓሊውም በፈንታው የሚበልጥበት አለው። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዐይኑ ያስቀምጠዋል፤ አለቀ። ገጣሚ ይህን ልበል ቢል ስንት ስንኝ ይፈጅበት ነበር።

የድሮ ወግ ነው የሚል ቢኖር ገብረ ክርስቶስ ደስታ አለ። የብራና ጸሓፊ ልጅ ነው፤ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በረቂቅ ሥዕሎቹ አዲስ አበባን ያከራከረ። የአገሩን ውበት ማንም በሚገባው ቃል የዘረዘረው «ሀገሬ» በተሰኘው ግጥሙ ነው፤ ሸራውን ግን ብዙ ጊዜ ለቀለምና ለቅርጽ ለቀቀው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሣለው «ጎልጎታ» በቀይ የተጥለቀለቀ ስቅለት ነው። ሁለቱም ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው፤ አንዱ የሌላው አስተርጓሚ ሆኖ አያውቅም። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በመጽሐፍ የተሰበሰቡት ከሞተ በኋላ ነው።

አሁን አሁን የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት ግጥም ማንበብ ተለምዷል። ደግ ነው። ችግሩ ገጣሚው ወደ ሸራው ዞሮ ያየውን መልሶ ሲነግረን ነው፦ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ሐይቁ ቀልቷል፣ ታንኳ ላይ ሰው አለ። እሱንማ እኛም አየን! ጎንጅንና ዋሸራን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች በሚታወቅ ጎጃም እንዲህ ያለ ሰም ብቻ የሆነ ግጥም መስማት ትንሽ ያሳፍራል። ሰሙን ሰዓሊው ይዞታል፤ ወርቁን ማን ያምጣ?

የጣናን ታንኳ እንውሰድ። ሰዓሊው ከደንገል የታሰረውን ጎኑን፣ ሹል አፍንጫውን፣ የቀዛፊውን ጎንበስ ማለት ይሣል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ቀን በቀን እንደሚከብድ፣ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር ስቦ ለፀሐይ እንደሚያሰጣው፣ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር እንደሆነ ግን ሸራው ላይ አይታይም። ለገጣሚው የቀረለት ይኸው ነው።