ከኮዱ ሥር ስም ይጻፍ

መካነ ሰላም ሳድግ የቤታችን ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ወታደሩ አጎቴ የላከውን ሳነብላት ደጋግማ «ያለውን ሁሉ አነበብክልኝ?» ትለኝ ነበር። አንዲት ቃል ብዘልባት የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

በቅርቡ አገሬ ስገባ ይህ ጥያቄዋ ከአንዲት ሱቅ ፊት ትዝ አለኝ። ዘይትና ስኳር ገዝቼ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጌ የምስጢር ቁጥሬን ላስገባ ስል ባለሱቋ አስቆመችኝ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ የማን ስም እንደመጣልህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።» አነበብኩላት። የእሷው ስም ነው። «አሁን ክፈል» አለችኝ።

ከዚያ ጥቁርና ነጭ ነቁጥ ፊት ሁላችንም እንደ አያቴ ነን። ዶክተሩም ገበሬውም በዓይኑ አያነበውም። አንድ ሌባ በሌሊት የራሱን ኮድ ከላይ ቢለጥፍበት፣ ባለሱቋ ጠዋት ስትከፍት የተለወጠ ነገር አይታያትም። ደንበኛው ይከፍላል፣ ብሩ ወደ ሌላ ሰው ይገባል። በቻይናም በህንድም ነጋዴዎች በዚሁ መንገድ ተዘርፈዋል።

ኮዱ እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ በዴንሶ ኩባንያ ሲፈለሰፍ የታሰበው ለመኪና መለዋወጫ ቁጥጥር እንጂ ሌባን ለመከላከል አልነበረም። ብዙ አገሮች ለክፍያ የሚጠቀሙበት፣ ኢኤምቪኮ የተባለ ድርጅት ያወጣው አሠራር በኮዱ መጨረሻ ላይ አራት ምልክት ያለው ማረጋገጫ ያስቀምጣል። ያ ማረጋገጫ ግን መረጃው ሳይዛባ መነበቡን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ማን እንደጻፈው አይናገርም። ሌባውም የራሱን አስልቶ ማስገባት ይችላል። እኛ ማኅተም የምንለው ነገር የለበትም ማለት ነው።

በብስኩት መጠቅለያ ላይ ያለው የቀድሞው ባርኮድ በዚህ ይሻላል። ከመስመሮቹ ሥር ቁጥሩ ታትሟል፤ ማሽኑ እምቢ ካለ ሰው ያነበዋል።

ስለዚህ ብሔራዊ ባንክን፣ ባንኮችን የሚያገናኘውን ኢትስዊችንና የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶችን የምጠይቀው ይህን ነው። በየሱቁ መስታወት ላይ ለሁሉም ባንክና ለሁሉም የስልክ ገንዘብ የሚያገለግል አንድ ኮድ ይለጠፍ፤ ከሥሩም የሱቁ ስም በደማቅ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ከጎኑ አጭር የነጋዴ ቁጥር ይታተም። ድሮ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም አይሠራም ነበር፤ ኢትስዊች ሲያገናኛቸው ሠራ። ስቲከሩንም ማገናኘት ይቻላል። ባለሱቅ መጠበቅ ያለባት ወረቀት አንድ ሲሆን የተለወጠ እንደሆነ ቶሎ ታውቃለች።

ቁጥሩን አጥብቄ የምጠይቀው ለእኛ አገር ሰው ብዬ ነው። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ እህል ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ብዙውን ጊዜ የያዘው ካሜራ የሌለው ቁልፍ ስልክ ነው። በቴሌብር *127# ብሎ ያለ ኢንተርኔት ይከፍላል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ስካን ማድረግ የሚባል ነገር አልነበረም። ኮዱን ብቻ ያወቀ አሠራር ይህን ሰው ከገበያ ያስወጣዋል።

ስልኩም የምስጢር ቁጥር ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩን ስም በአማርኛ፣ ከብሩ መጠን አስበልጦ ያሳይ። በእንግሊዝኛ ፊደል ተጨናንቆ የሚወጣ ስም ባለሱቋ ከደንበኛዋ ትከሻ በላይ ብታየው ምን ያደርግላታል? ህንድ ውስጥ የገባውን ገንዘብ በድምፅ የሚናገር ትንሽ ሳጥን በየሱቁ አለ። የሐሰት ደረሰኝ በስልኩ እያሳየ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አታላይ ባለበት አገር፣ በአማርኛ የሚናገር ሳጥን ብዙ እናቶችን ከኪሳራ ያድናል።

ሂሳቤን ጨርሼ ስወጣ ኮዱን ደግሜ አየሁት። ከሥሩ በማርከር ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፎ፣ ላዩ በፕላስተር ተሸፍኗል። ማን እንደጻፈላት ጠየቅኳት።

«ልጄ ናት፤ አራተኛ ክፍል ናት» አለችኝ።