«ምነው ከሳሽ?»

አዳማ ላይ «ወፈር አልሽሳ፣ ተስማምቶሻል!» ማለት ዛሬም ሙገሳ ነው። ሦስት ኪሎ ቀንሰው በሰፈር ሲያልፉ ደግሞ ጎረቤት «ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» ትላለች። ክፋት የላትም፤ ክሳት የችግር ምልክት በነበረበት ዘመን ያደገች ናት። ግን ጉልበትዎ ደረጃ መውጣት እምቢ ካለ፣ ሐኪሙም ስለ ደም ግፊትዎ ካስጠነቀቀዎ፣ ጭንቀትዎን ለማን ይነግራሉ?

ብዙ ሴቶች መልሱን ቴሌግራም ላይ አግኝተውታል። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ለባል እንኳ ያልተነገረውን የሚዛን ቁጥር ለማያውቋቸው ሴቶች ይልካሉ። የሚመለስላቸው «አይዞሽ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ» የሚል ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ጂን ኒዴች የተባሉ የኒውዮርክ የቤት እመቤት ለመቀነስ እየሞከሩ ተደብቀው ብስኩት መብላቱን መተው አቃታቸው። ስድስት ወዳጆቻቸውን ቤት ጠርተው ይህንኑ ተናገሩ፤ እንግዶቹም የየራሳቸውን ምስጢር አወጡ። «ዌይት ዋቸርስ» የተባለው ድርጅት በ1963 የተመሠረተው ከዚያ ስብሰባ ተነሥቶ ነው። ዕቁብ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ከዕቁብ የማንቀረው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀን ሰው ስላለም ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 ደረሱ፤ በከተማ ደግሞ 21። እኛ ዘንድ ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ከደጅ እስከ ገበያ ባጃጅ አለ። ሙቀቱ ለስላሳ ያስጠጣል። ቡናው ሦስት ዙር ነው፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከጨመሩ በአንድ መቀመጫ ስድስት ማንኪያ ጠጡ ማለት ነው። (ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲያመርት የኖረ ጎረቤታችን መሆኑን አንርሳ።) በጾምም ቢሆን ቅቤው ሲቀር ዘይቱ ቦታውን ይይዛል።

ታዲያ ቡድን ሁሉ ቡድን አይደለም። «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚል ሻይ የሚሸጥበት ከሆነ ዛሬውኑ ለቀው ይውጡ። ሻይው ውስጥ ሰናመኪ ካለበት ሆድ ያስቀምጣል፤ ሚዛኑን የሚያወርደው የወጣው ውኃ እንጂ የቀለጠ ስብ አይደለም። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 4.5 ኪሎ መቀነስ ብቻ ለደም ግፊትና ለስኳር ጥቅሙ የሚታይ ነው፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ስኳርዎ በድንገት ወርዶ ሊጥልዎ ይችላል። እርጉዝ ወይም አጥቢ ከሆኑ ደግሞ ምክሩን ከቡድኑ ሳይሆን ከጤና ባለሙያ ይውሰዱ።

የእኔ ምርጫ አነስተኛ ቡድን ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት ሴቶች፣ ቢቻል የአንድ ከተማ። እንዲያ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት፣ የአዳማ ፀሐይ ሳትከር፣ አብሮ ለመራመድ መቀጣጠር ይቻላል። ፎቶ መላክ ካሰኘዎ ሰውነትዎን ይተዉት፤ አንዴ የተላከ ፎቶ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። አቧራ የጠጣ የስፖርት ጫማዎን ይላኩላቸው።