የወንድ ለወንድ መዋደድን ማን ነውር አደረገው?

በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት የሳቀ ሰው ሁለት ሁለት ሆነው የሚመጡትን ቀልደኞች አይረሳም። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ። ይከራከራሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። ግማሹ ሳቅ የሚመጣው ከዚሁ መፈላለግ ነበር።

ዛሬስ? በቴሌቪዥን ድራማ ሁለት ወንዶች ሲተቃቀፉ አንደኛው ደንግጦ መሸሽ ያለበት ለምንድን ነው? ድምፁ የቀጠነ ገጸ ባሕርይ ለምን ለስድብ ብቻ ይፈለጋል? ሥራ የለው፣ ቤተሰብ የለው። ይገባል፣ ይሳቅበታል፣ ይወጣል። ይህን የጻፈው ማን ነው? አንብቦ ያሳለፈውስ?

እናንተ የድራማ ደራሲዎችና አዘጋጆች፣ «ባህል እየጠበቅን ነው» ትላላችሁ። የትኛውን ባህል? በገበያ ቀን ሐይቅ ከተማ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ከአምባሰል የወረዱ ሁለት ጎልማሶች ጣታቸውን አቆላልፈው ይሄዳሉ። አንዱ በባልንጀራው ትከሻ ላይ ክንዱን ጥሎ የበግ ዋጋ ይጠይቃል። ሲመሽባቸው አንድ ጋቢ ለብሰው ያድራሉ። ነውር የሚለው የለም። ታዲያ ወጣቱ ጓደኛው እጁን ሲይዘው ግራ ቀኙን ማየት የጀመረው ከማን ተምሮ ነው? ከአባቱ? ወይስ ከእናንተ ቀልድ?

የሆሊውድ ጥንድ ቀልደኞች ሎሬልና ሃርዲም እ.ኤ.አ. በ1932 «የመጀመሪያ ስህተታቸው» የሚል አጭር ፊልም ሠርተዋል። የሃርዲ ሚስት ባሏ ከእሷ ይልቅ ከሎሬል ጋር መዋሉ አንገሽግሿታል። ሎሬል ሕፃን በጉዲፈቻ እንዲያመጣ ይመክረዋል። ሕፃኑን ይዘው ሲመለሱ ሚስቲቱ ፍቺ ጠይቃለች፤ ሎሬልም የባሏን ፍቅር ነጥቀሃል ተብሎ ተከሷል። ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ሎሬል የልብሱን ቁልፍ ይፈታል። ተመልካች ጡት ሊያጠባ ነው ሲል፣ ከብብቱ ጡጦ ያወጣል። ሁለት ወንዶችና አንድ ልጅ፣ በአንድ አልጋ። የፊልም ሐያሲው ቪቶ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን የሆሊውድ ትዕይንቶች ውስጠ ወይራ አንድ በአንድ መርምሯል። ምርመራው የተዋንያኑን ጓዳ ለመበርበር አልነበረም፤ ፊልሙ ስለ ወንዶች ፍቅር ምን እንደሚል ለማወቅ እንጂ።

የእኛ ሐያሲ የት አለ? በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትን ይቀጣል። ትዕይንት መተንተንንም ይቀጣል? ስለ ሁለት ወንዶች መዋደድ መጻፍንስ? «ይህ አይነሳም» የምትሉት እናንተ፣ በየድራማው እያነሳችሁ የምትስቁበት አይደላችሁም? ለፌዝ የተፈቀደው ለቁም ነገር ሲሆን ለምን ይከለከላል?

«ተመልካች ይወደዋል» የሚል መልስም አለ። ሌላ ነገር አቅርባችሁለት እምቢ አለ? ያኔ በጥንዶቹ ቀልደኞች መፈላለግ የሳቀው ይኸው ተመልካች አይደለም?

ደግሞስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ድራማው በታየ ማግስት ድምፁ የቀጠነ ተማሪ በትምህርት ቤት ግቢ ሲያልፍ የሚጠቃቀሱበት ልጆች አነጋገሩን ከየት ለቀሙት? ስክሪፕቱ ሲጸድቅ ስለዚህ ልጅ ያነሳ ሰው ነበር? ከነበረ ምን ተባለ? ካልነበረስ፣ «አስተማሪ» የሚለው ማስታወቂያችሁ ማንን፣ ምን አስተማረ?

ድምፁ ስለቀጠነ ብቻ ሰውን መላገጫ የሚያደርግ ድርሰት በባህል ስም መተላለፉ ይቁም።